የውሃ ልክ ቱቦና የመታጠቢያ ቤት ወለል

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወናጎ ተዳፋት አገር ናት። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቁልቁለቱን በእንሰት፣ በቡናና በዛፍ ሥር አስሮ ይዞታል። ለቤት መሥሪያ ሲባል ግን ከዳገቱ ወገን አፈር ይቆረጥና ወደ ቁልቁለቱ ይሞላል። የተቆረጠው በኩል ጸንቶ ይቆያል፤ የተሞላው በደንብ ካልተጠቀጠቀ ዝናብ ሲጠግብ ይሰምጣል። የመታጠቢያ ቤት ወለል አንድ ጥጉ ወርዶ ውሃ የሚያቁረው አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ ሴራሚክ ከመግዛት በፊት ወለሉ ለምን እንደተዛነፈ ይጠየቅ። ስንጥቅ ካለውና እየሰፋ ከሄደ መሬቱ ገና አልረጋም፤ ከላይ መደረብ ገንዘብ መጣል ነው። ሊሾው ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታም መነሳት አለበት።

ወለሉ ጽኑ ከሆነ የውሃ ልክ ቱቦው ይምጣ። ውስጡ የሚታየው ቀጭን ላስቲክ ርካሽ ነው፣ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የሚታመን መሣሪያ አላውቅም። ውሃ ሞልተው ሁለቱን ጫፎች ከፍ አድርገው ሲይዙት፣ ቱቦው በበር ዞሮ ሌላ ክፍል ቢገባም እንኳ፣ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ጫፎቹ ክፍት ይሁኑ፤ መሃል ላይ አየር ከቀረ ልኩ ይሳሳታል። በዚህ ልክ ግድግዳው ላይ ምልክት ተደርጎ ክር ይወጠራል። ከክሩ ወደ ታች በሜትር ሲለካ የጎደለውና ያበጠው ይለያል።

መታጠቢያ ቤት ግን እንደ ሳሎን ዝርግ መሆን የለበትም። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፍሳሽ መውረጃው ማዘንበል ይገባዋል። ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ፈሳሽ መደልደያ እዚህ የማይመከረው ለዚህ ነው፤ እንደ ውሃ ተኝቶ ተዳፋቱን ያጠፋዋል። የሴራሚክ ማጣበቂያም ጉድጓድ መሙያ አይደለም።

የሚሻለው አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ አሸዋ ጋር ጠንከር ብሎ የተቦካ ሊሾ ነው። አሮጌው ወለል ይጫጫራል፣ ይታጠባል፣ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ይቀባል፤ ሳይደርቅ ሊሾውን ይለብሳል። ከዚያ ለ7 ቀን ያህል እርጥበቱ ይጠበቅለት፤ ቶሎ የደረቀ ሊሾ ይሰነጠቃል። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋበት። ያቆረበት ቦታ ካለ በጠመኔ ተከብቦ ያኔውኑ ይታረም፤ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ማረሚያው መዶሻ ብቻ ነው።