የጥንቸሏ ቆዳና የመካኒኩ እጅ

በናይሮቢ ከተማ በኪሪንያጋ መንገድ፣ በስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» ማለትም «ብርቱ ፀሐይ» ለሚባሉት የጎዳና መካኒኮች ቤንዚንና የባትሪ አሲድ የዕለት ባልንጀሮች ናቸው። በዚያችው ከተማ ጊጊሪ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። መርዛማ ኬሚካሎችን መቆጣጠር ከተግባሮቹ አንዱ ነው።

ለመሆኑ አንድ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ቆዳን መጉዳቱ የሚታወቀው እንዴት ነው? አሜሪካዊው ጆን ድሬዝ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ይፋ ያደረገው ዘዴ ለረጅም ዘመን መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ1981 ያወጣው መመሪያ እንደሚያዘው፣ የጥንቸል ጀርባ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሽ ሚሊ ሊትር ኬሚካል ለ4 ሰዓት ይለጠፍበታል። ከዚያም ቆዳው መቅላቱና ማበጡ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ይመዘገባል።

የእንስሳይቱ ስቃይ ቀላል አይደለም። ቆዳዋም ከሰው ቆዳ ይልቅ ቶሎ የሚቆጣ በመሆኑ ውጤቱ ሁልጊዜ ለሰው ልክ አይሆንም። ስለሆነም በ2010 ከሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ በተሠራ ቆዳ የሚካሄድ ምርመራ በዚሁ ድርጅት ጸድቋል።

የምርመራው ሁሉ ፍሬ ግን በበርሜሉ ላይ የሚለጠፈው የአደጋ ምልክት ነው። ኬሚካሉ ወደ ባዶ የውሃ ጠርሙስ በተገለበጠ ጊዜ ምልክቱ ከበርሜሉ ጋር ይቀራል፤ የጥንቸሏም ስቃይ ከንቱ ይሆናል።

በየጋራዡና በየጦር ክፍሉ ተሽከርካሪ የምትጠግኑ ሁሉ፣ ምልክት የሌለውን ፈሳሽ ከመንካት እንድትቆጠቡ፣ ያለ ጓንት እንዳትሠሩ፣ የነካችሁም ወዲያውኑ በብዙ ውሃ እንድትታጠቡ እናሳስባለን።