ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት፦ የጄኔቫና የዙሪክ ሁለት መንገዶች

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1895 አልበርት አንስታይን በዙሪክ የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ለመግቢያ ፈተና ሲቀመጥ ዕድሜው ገና 16 ዓመት ከመንፈቅ ነበር። ደንቡ የሚጠይቀው 18 ዓመት በመሆኑ ለፈተናው የቀረበው በልዩ ፈቃድ ነው። በሒሳብና በፊዚክስ የላቀ ውጤት አመጣ፤ በፈረንሳይኛና በሌሎች አጠቃላይ ትምህርቶች ግን አልተሳካለትም። የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ ሃይንሪሽ ቬበር ወጣቱ በዙሪክ የሚቆይ ከሆነ ትምህርታቸውን እየመጣ እንዲያዳምጥ ፈቀዱለት። የተቋሙ ዳይሬክተር አልቢን ሄርዞግ በበኩላቸው ወደ አራው ከተማ ሄዶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንዲያጠናቅቅ መከሩት። አንስታይን የዳይሬክተሩን ምክር ተቀበለ። በዓመቱ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ ሌላ የመግቢያ ፈተና ሳያስፈልገው ተመዘገበ።

ሁለቱ ምክሮች ያነሡት ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። በአንድ የትምህርት ዓይነት ከእኩዮቹ እጅግ የቀደመ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ በር አሁኑኑ ይከፈትለት ወይስ የቀረውን እስኪያሟላ ይጠብቅ? ጥምር ምዝገባ የሚባለው አሠራር «ሁለቱንም በአንድ ጊዜ» የሚል መልስ ይሰጣል። ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳያቋርጥ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ይወስዳል፤ ፈተናውን ካለፈ ደግሞ ያገኘው ክሬዲት በኋላ ለሚማረው ዲግሪ ይታሰብለታል።

አሠራሩ እጅግ የተስፋፋው በአሜሪካ ሲሆን በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሳተፉበታል። በዚያ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት ምክንያቶች አንዱ ገንዘብ ነው፤ በትምህርት ቤት ሳሉ ያለፉት እያንዳንዱ ኮርስ ከውዱ የኮሌጅ ክፍያ ላይ ይቀነሳል። በስዊዘርላንድ ግን ይህ ስሌት ብዙም ሚዛን አይደፋም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሴሚስተር የሚያስከፍለው 500 ፍራንክ ነው። በቀድሞው ፖሊቴክኒክ፣ በዛሬው ኢቲኤች ዙሪክ ደግሞ መደበኛው ክፍያ 730 ፍራንክ ነው። (ለትምህርት ብለው ከውጭ አገር የሚመጡ አዲስ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2025 መኸር ጀምሮ የዚህን ሦስት እጥፍ እንዲከፍሉ ተወስኗል።) እንደ ስዊዘርላንድ ኑሮ በተወደደበት አገር አንድ ኮርስ አስቀድሞ በመጨረስ የሚተርፈው ገንዘብ ለወላጅ ይህን ያህል እፎይታ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ ተማሪውን ቀድሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚወስደው ምክንያት ሌላ መሆን አለበት።

በጄኔቫ የዚህ አሠራር ስም «አቴና» ነው፤ ከግሪኮች የጥበብ አምላክ የተወሰደ። ፕሮግራሙን የሚያካሂደው የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ሲሆን፣ በኮሌዥ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ የደረሱ ብርቱ ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስን በመሰሉ ዘርፎች ለጀማሪ የዲግሪ ተማሪዎች በሚሰጡ ኮርሶች ላይ እንዲገኙ ያደርጋል። እዚህ ላይ «ኮሌዥ» የሚለው ቃል አንባቢን እንዳያሳስት ያስፈልጋል። በጄኔቫ ኮሌዥ ማለት ከፍተኛ ትምህርት ሳይሆን አራት ዓመት የሚፈጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው። በጀርመንኛ ተናጋሪዋ ዙሪክ ተመሳሳዩ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ይባላል፤ ይህም ስም ከስፖርት አዳራሽ ጋር ግንኙነት የለውም።

በጄኔቫ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ጉርብትና አዲስ ነገር አይደለም። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ዣን ካልቪን እ.ኤ.አ. በ1559 ያቋቋመው ተቋም ሁለት እርከኖች ነበሩት፦ ለልጆች ኮሌዥ፣ ለጎለመሱት አካዳሚ። ኮሌዡ ዛሬም «ኮሌዥ ካልቪን» ተብሎ ያስተምራል፤ አካዳሚው ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። የአቴና ተማሪዎች የሚሻገሩት ድንበር በመነሻው በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ደረጃ ነበር ማለት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪው ከአንዳንድ ክፍለ ጊዜያት እንዲቀር ይስማማል፤ ያመለጠውን ማካካስ ግን የተማሪው የራሱ ኃላፊነት ነው። በዩኒቨርሲቲው ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር ይቀመጣል፣ መልመጃ ይሠራል፣ ይፈተናል። ካለፈ ውጤቱ እንደ አደራ ይቀመጥለታል። አደራውን የሚያወጣው ቁልፍ «ማቱሪቴ»፣ በጀርመንኛ «ማቱራ» የተባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ነው። ማቱራ ያልያዘ ተማሪ ምንም ያህል ኮርስ ቢያልፍ መደበኛ የዲግሪ ተማሪ ሆኖ አይመዘገብም። ማቱራ ደግሞ በአንድ ትምህርት ብልጫ ብቻ አይገኝም፤ ቋንቋዎችን፣ ታሪክን፣ ጂኦግራፊን፣ የተፈጥሮ ሳይንስን፣ ጥበብን፣ በተጨማሪም ተማሪው ራሱ አጥንቶ የሚጽፈውን የማቱራ ድርሳን ይጠይቃል። ቬበር የሰጡት ፈቃድና ሄርዞግ የሰጡት ምክር በአንድ ላይ ሥራ ላይ ውለዋል ማለት ነው።

የክሬዲቱ ስሌት የጫናውን ልክ ያሳያል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ከፈረሙት 29 የአውሮፓ አገሮች አንዷ የሆነችበት የቦሎኛ ስምምነት ባስፋፋው የክሬዲት ሥርዓት፣ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራን ይወክላል። የመጀመሪያ ዲግሪ 180 ክሬዲት፣ አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው። 6 ክሬዲት ያለው ኮርስ እንግዲህ ከ150 እስከ 180 ሰዓት ይጠይቃል። ይህ በ14 ሳምንት ሴሚስተር ቢከፋፈል በየሳምንቱ ከ11 እስከ 13 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የኮሌዥ ተማሪ ደግሞ በሳምንት ከ30 በላይ ክፍለ ጊዜያትን ከነቤት ሥራቸው ይሸከማል። አሠራሩ ለጥቂቶች ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጥሩ ነጥብ ማምጣት ብቻውን አይበቃም፤ በመደበኛው ትምህርት ሳይጨነቁ ጥሩ ነጥብ ማምጣት ያስፈልጋል።

ይሁንና ከሰዓቱ ብዛት የሚከብደው የትምህርቱ ዓይነት መለወጡ ነው። ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። 1፣ 1/2፣ 1/3፣ 1/4 እያለ የሚቀጥል የቁጥር ሰልፍ ወደ ዜሮ እየተጠጋ እንደሚሄድ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል፤ በፈተና ላይ «ዜሮ» ብሎ ይጽፋል፣ ነጥቡንም ያገኛል። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሳምንታት ጥያቄው «መጠጋት ማለት ምን ማለት ነው?» ይሆናል። መልሱ እንደ ሙግት የተዋቀረ ነው። ተከራካሪው የፈለገውን ያህል ትንሽ ርቀት ይጥራ፤ አንድ ሺህኛ ቢል ከ1000ኛው ቁጥር በኋላ ያሉት ሁሉ ከዚያ ርቀት በታች መሆናቸውን ማሳየት ይገባል። አንድ ሚሊዮንኛ ቢል ከ1 ሚሊዮንኛው በኋላ ያሉትን ማሳየት ይገባል። ማረጋገጫው ሙሉ የሚሆነው ገና ላልተጠራ ለማንኛውም ርቀት አስቀድሞ መልስ ሲኖረው ነው። ይህን ጥብቅ አስተሳሰብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያደራጁት ኦጉስተን ሉዊ ኮሺና ካርል ቫየርሽትራስን የመሰሉ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። በስሌት ፍጥነቱ ሲመሰገን የኖረ ተማሪ ድንገት ማስረዳት ሲጠየቅ ይደናገጣል። ድንጋጤው በ17 ዓመት፣ ገና የሚወድቅ ነገር በሌለበት ጊዜ ቢደርስበት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የጥምር ምዝገባ ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይህ ይሆናል። ኮርሱን ያላለፈ የኮሌዥ ተማሪ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በመደበኛ ምዝገባ የወደቀ ተማሪ ግን ያለው ዕድል የተቆጠረ ነው።

ዙሪክ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሬሚሽትራሰ በተባለው ጎዳና ላይ የሬሚቡህል ጂምናዚየሞች፣ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲና ኢቲኤች በእግር የደቂቃዎች ርቀት ላይ ይገኛሉ። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ «ጁኒየር ኦይለር ሶሳይቲ» በተባለ ፕሮግራሙ ሒሳብ የሚወዱ ልጆችን ይሰበስባል፤ ኢቲኤችም «ዩዝ አካዳሚ» በሚል ስም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጠለቅ ያሉ ኮርሶችን ያዘጋጃል። የእነዚህ ፕሮግራሞች ትኩረት ግን ዕውቀቱ ላይ እንጂ ክሬዲት ማከማቸት ላይ አይደለም።

ከዚህ በስተጀርባ አንድ የአሠራር ምክንያት ይታያል። በኢቲኤች የመጀመሪያው ዓመት ፈተናዎች በጥቅል ይመዘናሉ። የስዊዝ ነጥብ ከ1 እስከ 6 ሲሆን ማለፊያው 4 ነው፤ በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉት ፈተናዎች አማካይ ውጤት 4 ከሆነ ተማሪው ሁሉንም ያልፋል። በፊዚክስ 3.5 ያመጣ በሒሳብ 5 ሊክሰው ይችላል። አማካዩ ካልሞላ ግን ጥሩ የተሠራውም አብሮ ይወድቃል፤ መድገም የሚቻለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ሥርዓት አንድን ኮርስ ከጥቅሉ መዝዞ «ይህ ቀድሞ አልቋል» ማለት የማካካሻውን ሚዛን ያዛባል። በጄኔቫ ሒሳብ አልፎ ኢቲኤች የሚገባ ተማሪም በወረቀቱ ዓመቱን አሳጥራለሁ ብሎ ባይተማመን ይሻለዋል፤ ክሬዲትን መቀበል አለመቀበል የተቀባዩ ተቋም ውሳኔ ነው። የማረጋገጫ አጻጻፍ ልምዱን ግን የሚወስድበት የለም።

በሁለቱ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ በር አለ። ጥምር ምዝገባ የሚመለከተው ኮሌዥ ወይም ጂምናዚየም የገባን ተማሪ ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ የጂምናዚየም ማቱራ የሚይዘው ከአምስት ወጣቶች አንዱ ገደማ ነው፤ አብዛኛው ወጣት ወደ ሙያ ሥልጠና ያመራል። በዙሪክ የስድስት ዓመቱን ጂምናዚየም ለመግባት የ6ኛ ክፍል ልጅ፣ ማለትም የ12 ዓመት ልጅ፣ በጀርመንኛና በሒሳብ ይፈተናል። ካለፈም ለግማሽ ዓመት በሙከራ ላይ ይቆያል። ዘግይቶ ወደ አገሩ የመጣ፣ ሒሳቡን እያወቀ በጀርመንኛው የሚሰናከል ልጅ ይህ በር ያመልጠዋል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በአጭሩ ጂምናዚየም በኩል ሌላ ዕድል መኖሩን የማያውቅ ወላጅ ነገሩ ያለቀለት ሊመስለው ይችላል። በጄኔቫ የመግቢያ ፈተና የለም፤ የሚወስነው በመካከለኛው ደረጃ ሦስት ዓመታት የተመዘገበው ውጤት ነው፤ ማቱሪቴ የሚይዙትም ወጣቶች ድርሻ ከዙሪክ ይበልጣል። የሙያ ሥልጠናም ቢሆን የሞተ መንገድ አይደለም። የሙያ ማቱራ የያዘ ወጣት «ፓሰሬል» የተባለውን ተጨማሪ ፈተና ካለፈ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል።

ኢትዮጵያ ራሷ ይህን ድንበር በተለያየ መንገድ ስትሞክር ቆይታለች። በንጉሡ ዘመን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በእደ ማርያም ላብራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ለ12ኛ ክፍል ያስተምር ነበር፤ ለጥቂቶች የተከፈተ በር ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ መጣ። 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ተብለው የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት በጅምላ ወደ ታች ወረደ፤ የብዙ ዲግሪዎች ቆይታም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ትምህርቱ ወረደ፤ ቤተ ሙከራውና መምህሩ ግን አብረውት አልወረዱም። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የጉዞው አቅጣጫ ጭራሽ ተገልብጧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በሬሜዲያል ፕሮግራም የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት ማስተማር ጀመሩ።

በዚህ ሁኔታ ስለ ጥምር ምዝገባ ማንሣት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በፈተናው ከፍተኛ ውጤት የሚያስመዘግቡ፣ በክፍላቸው የሚማሩት ያነሳቸው ተማሪዎችም አሉ። ባሕር ዳርን ጨምሮ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋሙ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ማዕከላት እነዚህን ወጣቶች ከቤተ ሙከራ ጋር ያገናኟቸዋል። የጎደለው የክሬዲቱ መዝገብ ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ጄኔቫና ዙሪክ የሌላቸው አንድ ነገር አላት፦ የ2012ቱ የፍሬሽማን ኮርሶች የተዘጋጁት ለአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ፣ በአንድ ሞጁል ነው። በባሕር ዳር የተገኘ የሒሳብ ክሬዲት ጅማ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አዲስ ድርድር አያስፈልገውም።