ዝገት ከጭቃው ስር ይጀምራል

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ፣ ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። የወረታ አካባቢ ጥቁር ዋልካ ውሃን ቶሎ አያሰርግም፤ ለሩዝ የተመቸውም ስለዚህ ነው። ሩዙ የሚወደው ይህ እርጥበት ግን ማረሻውን፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩንና የአጥሩን ብረት ይበላል።

ብረት የሚዝገው ውሃ ሲነካው ነው እንላለን። ግማሽ እውነት ነው። ውሃ አፍልተን አየሩን ብናስወጣለት፣ ምስማር ከትተንም ላዩን በዘይት ብንሸፍነው፣ ምስማሩ ለረጅም ጊዜ ሳይዝግ ይቆያል። ኦክስጅን የግድ ያስፈልጋል።

በእርጥብ ብረት ላይ አንዱ ቦታ አኖድ ይሆናል፤ የብረት አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ትተው ወደ ውሃው ይገባሉ። ኤሌክትሮኖቹ በራሱ በብረቱ ውስጥ አልፈው ካቶድ ወደሚባለው ሌላ ቦታ ይደርሳሉ፤ እዚያ ውሃና ኦክስጅን ይቀበሏቸዋል። በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው ዑደቱን ያሟላል። ማዳበሪያ የነካው ብረት ቶሎ የሚበላውም ጨው ስለሚጨምርበት ነው። ዝገት እንግዲህ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ እርጥብ ብረት የራሱ ባትሪ ይሆናል።

አሁን ጭቃ ተጋግሮበት ያደረ ማረሻ እንይ። ከጭቃው ስር አየር እምብዛም አይገባም፣ ጭቃ ያልነካው ገጽ ግን አየር ያገኛል። የትኛው ይበላል? አብዛኛው ሰው አየር ያገኘው ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው፤ ኦክስጅን የበዛበት ካቶድ፣ የታፈነው አኖድ ይሆናል። ጭቃው ሲነሳ ብረቱ ተቦርቡሮ የምናገኘው ለዚህ ነው። መሬት የተተከለ የአጥር ብረትም ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከመሬቱ ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። የካምብሪጁ ተመራማሪ ዩሊክ ኢቫንስ ይህንን በአንዲት የጨው ውሃ ጠብታ አሳይቷል፦ ብረቱ የተበላው አየር በቀላሉ በሚደርስበት በጠብታዋ ዳር ሳይሆን በመሃሏ ነበር።

የጣሪያ ቆርቆሮ ቢጫርም ቶሎ የማይዝገው የተለበጠበት ዚንክ ኤሌክትሮን በመስጠት ብረትን ስለሚቀድመው ነው፤ እየሟሟም ብረቱን ያድናል። ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን የጦር መርከቦች የመዳብ ልባስ ለመጠበቅ የተጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነበር። ቆርቆሮን በመዳብ ሽቦ ማሰር ግን ዚንኩን በፍጥነት ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ማረሻችሁን ከእርሻ እንደገባችሁ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት። ጭቃው ሳይነሳ ዘይት መቀባት እርጥበቱን ብረቱ ላይ ማሸግ ነው።