ተቀምጦ መሥራትና የወገብና የአንገት ሕመም፦ ምን ማድረግ ይችላሉ?

የባንክና የሒሳብ ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ የሚውሉ ባለሙያዎች ወደ ሕክምና ከሚመጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የወገብና የአንገት ሕመም ነው። የወገብ ሕመም ሰዎችን ከሥራና ከዕለት ተዕለት ኑሯቸው በማስተጓጎል በዓለም ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው።

ደግነቱ አብዛኛው የወገብና የአንገት ሕመም አደገኛ በሽታ አይደለም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል። ጉዳት የሚያስከትሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሥራ ሁኔታን ሳያስተካክሉ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር መርፌ እየተወጉ መመለስ ነው። ሁለተኛው አልፎ አልፎ የሚያጋጥመውን አደገኛ ሕመም «የሥራ ድካም ነው» ብሎ ማለፍ ነው።

መቀመጥ ለምን ያሳምማል?

የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያይ ያስቡ። አንገታችን ቀጥ ሲል ጭንቅላቱ በአከርካሪው ላይ ይደገፋል፤ ወደ ስክሪን ወይም ወደ ስልክ ባጎነበስን ቁጥር ግን ክብደቱን የሚሸከሙት የማጅራትና የትከሻ ጡንቻዎች ይሆናሉ። ለሰዓታት ሳይላሉ የቆዩ ጡንቻዎች ይደክማሉ፣ ይጨመደዳሉ፣ ያማሉ። የራስ ምታትም ሊያስከትሉ ይችላሉ። የወገብ ጡንቻዎችና ጅማቶችም ጎብጠን ስንቀመጥ በተመሳሳይ መንገድ ይጨናነቃሉ።

ይሁንና ፍጹም የሚባል አቀማመጥ የለም። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ አራት ሰዓት መቀመጥም ያደክማል። ዋናው ነገር በአንድ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ አለመቆየት ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና የአካል እንቅስቃሴ ማነስም ሕመሙን ያባብሳሉ።

ኩላሊት ነው ወይስ ወገብ?

ብዙ ሰው ወገቡን ሲያመው «ኩላሊቴን ነው» ይላል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። የጡንቻና የአከርካሪ ሕመም ጎንበስ ሲሉ፣ ከወንበር ሲነሡ ወይም ዕቃ ሲያነሡ ይለዋወጣል። የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር በአንድ ጎን ይሰማል፤ አቀማመጥ ቢቀይሩም አይለወጥም። ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት አብሮት ሊመጣ ይችላል። ከተጠራጠሩ የሽንት ምርመራ ያድርጉ እንጂ በግምት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝተው አይውሰዱ።

የሥራ ቦታዎን ያስተካክሉ

ውድ ወንበር መግዛት የግድ አይደለም። በቤትና በቢሮ ባለው ዕቃ ብዙ ማስተካከል ይቻላል።

• እግር፦ ሁለቱም እግሮችዎ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጡ። ወንበሩ ከፍ ካለ ከእግርዎ ሥር ጠንካራ ሳጥን ያድርጉ።
• ወገብ፦ እስከ ወንበሩ መደገፊያ ድረስ ገብተው ይቀመጡ። በወገብዎና በመደገፊያው መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ወይም ትንሽ ትራስ ያስገቡ።
• ስክሪን፦ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ጋር ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ርቀቱም የክንድ ያህል ይሁን። ላፕቶፕ ከሆነ በወፍራም መጻሕፍት ከፍ አድርገው የተለየ ኪቦርድና ማውስ ይጠቀሙ።
• መነጽር፦ ቅርብና ሩቅ የሚያሳይ ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ በታችኛው ክፍል ለማየት አንገትዎን ወደ ኋላ እንዳያጥፉ ስክሪኑን ዝቅ ያድርጉት።
• ክንድ፦ ክርንዎ ወደ ጎንዎ የተጠጋ፣ ትከሻዎ የላላ ይሁን።
• ስልክ፦ በጆሮና በትከሻ መካከል አጣብቀው አያውሩ። ሲያነቡ ስልኩን ወደ ዓይንዎ ከፍ ያድርጉት።

በየግማሽ ሰዓቱ ይነሡ

በየ30 ደቂቃው ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ይነሡ። ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቀ ከመስኮት መነሣት የማይችሉ ሠራተኞች ቢያንስ ማኅተም ሲመቱ ወይም ሰነድ ሲያቀብሉ ሊቆሙ ይችላሉ። ስልክ ሲያወሩ ይቁሙ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ወርደው ይራመዱ። የሚከተሉትን እንቅስቃሴዎች በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሥሩ።

1. ፊትዎን ሳያዘነብሉ አገጭዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ 5 ሰከንድ ይያዙና ይልቀቁ። 10 ጊዜ ይድገሙ።
2. ትከሻዎን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ኋላ 10 ጊዜ ያዙሩ።
3. ቀኝ ጆሮዎን ወደ ቀኝ ትከሻዎ ቀስ ብለው አስጠግተው 20 ሰከንድ ይቆዩ፤ በግራም ይድገሙ።
4. ቆመው እጆችዎን ወገብዎ ላይ በማድረግ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይለጠጡ። 5 ጊዜ ይድገሙ።

ጥቂት መሳሳብ መሰማቱ ያለ ነው። ሕመሙ ወደ እጅ ወይም ወደ እግር ከወረደ ግን ያቁሙ።

ሕመሙ ሲነሣ

አልጋ ላይ አይዋሉ። ቀደም ሲል ረጅም ዕረፍት ይመከር ነበር፤ አሁን ግን የቻሉትን ያህል እየተንቀሳቀሱ መቆየት ቶሎ ለመዳን እንደሚረዳ ይታወቃል። በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ ለ15 ደቂቃ ያህል ማድረግ ጡንቻን ያፍታታል።

ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለአጭር ጊዜ ሊረዱ ይችላሉ። ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ የለባቸውም። ሁለቱን በአንድ ላይ አይውሰዱ። ወር በወር የሚወሰዱ ከሆነ ጨጓራ ሊያደሙና ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ወገቡን ለማስታገስ ብሎ ኩላሊቱን የጎዳ ሰው ትርፉ ኪሳራ ነው። ኪኒን መዋጥ ለሚችል ሰው የዲክሎፌናክ መርፌ የተለየ ፈውስ የለውም፤ ውስጡ ያለው ያው መድኃኒት ነው።

ቀለል ያለ መታሸት ጉዳት የለውም። አንገትን በኃይል ማጠማዘዝ ግን ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ ስለሚችል ለማንም አይፍቀዱ።

ኤምአርአይ መነሣት ያስፈልገኛል?

አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ምንም ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎች ቢመረመሩ በተለይ ዕድሜያቸው ሲገፋ «ዲስክ ወጥቷል» የሚል ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ውጤቱ የሕመሙ መንስኤ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ገንዘብ ከማስወጣቱም በላይ ያስደነግጣል። ምርመራው የሚጠቅመው ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች ሲኖሩ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው።

እነዚህን ምልክቶች ችላ አይበሉ

በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦
• ሽንት አልወጣ ካለ፣ ወይም ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፤
• በታፋ መካከልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ካለ፤
• እግር ወይም እጅ እየደከመ ከሄደ፤
• ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ከባድ ሕመም ከሆነ፤
• አንገት ከመድረቁ ጋር ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ካለ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐኪም ያማክሩ፦
• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ስላለ ይህ ትልቅ ትኩረት ይሻል፤ ቲቢው ሳል ሳይኖር አጥንት ላይ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤
• ከዚህ በፊት ካንሰር ከነበረብዎ፤
• ሕመሙ ሌሊት የሚብስና ዕረፍት የማያስታግሰው ከሆነ፤
• ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ የወገብ መገተር ኖሮ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ከሆነ፤
• ሕመሙ በ6 ሳምንት ካልተሻለ።

ለቤተሰብ

ታማሚውን «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» ማለት በፍቅር ቢሆንም አይረዳውም። ከባድ ዕቃ ያንሡለት፤ ከዚያ ውጭ ግን አብራችሁት ተራመዱ። ሰው አፍሮ የማይናገረውን የሽንት ችግርም ጠይቁት። ነርቭ በከባድ ሁኔታ ሲጨፈለቅ በሰዓታት ውስጥ የሚደረግ ሕክምና ዘላቂ ጉዳትን ሊከላከል ይችላል፤ ዝምታ ግን ጊዜውን ያሳልፈዋል።