በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚበቅለውን የድንጋይ ሽበት ማስወገድና መከላከል

መግቢያ

በብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ግቢ ከመጋዘኑ ደጃፍ እስከ መኪና መጫኛው፣ ከውሃ መቅጃው እስከ እህል ማስጫው ድረስ ድንጋይ ተነጥፎ ይገኛል። ይህ ንጣፍ ዓመታት ባለፉት ቁጥር ግራጫ፣ ነጭ፣ ብጫ ወይም ብርቱካንማ እድፍ የመሰለ ነገር ይለብሳል። ይህም የድንጋይ ሽበት የሚባለው ሲሆን በሳይንስ አጠራሩ ሊከን ነው። ክረምት ሲገባ ሽበት የለበሰው ንጣፍ ያሙለጨልጫል። 100 ኪሎ ጆንያ የተሸከመ ወዛደር ወይም 20 ሊትር ጀሪካን ያዘለች እናት በዚህ ላይ ቢወድቁ ጉዳቱ የአንድ ቀን ሥራ በመፍታት ብቻ አያበቃም።

በሌላ በኩል፣ ሽበቱን ለማጥፋት ሲባል ከመጋዘን የተረፈ የአረም መድኃኒት፣ የባትሪ አሲድ ወይም በረኪና እንደተገኘ መድፋት አለ። ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ከሽበቱ ጉዳት ይበልጣል። ስለሆነም የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት የሥራ አመራር አባላት ሊይዙት የሚገባው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፦ የድንጋይ ሽበት የሚወገደው በውሃ፣ በብሩሽና በትዕግሥት ነው፤ እንዳይመለስ የሚያደርገው ፀሐይና ጥሩ የውሃ መውረጃ ነው፤ ኬሚካል የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

1. የድንጋይ ሽበት ምንድን ነው?

የድንጋይ ሽበት አንድ ተክል አይደለም። ፈንገስና ዋቅላሚ አብረው የሚኖሩበት ጥምር አካል ነው። ዋቅላሚ ማለት በኩሬ ውሃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የምናየው ዓይነት ነው። ፈንገሱ ቤት ይሆናል፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ዋቅላሚው ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ስዊሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር ይህን ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1867 ባስታወቀ ጊዜ ብዙ የሙያው ሰዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ ዛሬ ግን በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ዕውቀት ነው።

ለሥራችን የሚጠቅሙን ሦስት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ሥር የለውም፤ ውሃና ምግቡን ከዝናብ፣ ከጤዛና ከአቧራ ያገኛል። ሁለተኛ፣ በበጋ ደርቆ ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ሥራውን ይጀምራል። ሦስተኛ፣ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ እንደ ቅርፊት ከድንጋይ ጋር የሚጣበቁት ዓይነቶች ብዙዎቹ በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም የሚሰፉት። በመሆኑም አንድ ጊዜ በሚገባ የተጸዳ ንጣፍ መልሶ ሽበት እስኪለብስ ድረስ ዓመታት ይወስዳል። ለማጽዳቱ የሚወጣው ጉልበት የማይባክነው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ሽበቱን ከሌሎቹ መለየት

ማጽዳት ከመጀመሩ በፊት በንጣፉ ላይ ያለው ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ሀ/ ዋቅላሚ፦ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚያሙለጨልጭ ስስ ልባስ ነው፤ በጣት ሲታሽ ይነሣል። በአንድ ክረምት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚጥለው ይኸው ነው።

ለ/ ሣረንስት፦ እንደ ትንሽ አረንጓዴ ፍራሽ ሆኖ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ የሚበቅል ነው፤ በእጅ ተነቅሎ ይወጣል።

ሐ/ የድንጋይ ሽበት፦ ደረቅ ቅርፊት ወይም ትንንሽ ቅጠል መሰል ነው፤ በጣት ሲታሽ አይነሣም። ጥቂት ውሃ ሲንጠባጠብበት ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴነት ያደላል፤ ምክንያቱም ፈንገሱ ሲርስ በውስጡ ያለው ዋቅላሚ ስለሚታይ ነው።

ብዙ ጊዜ ሦስቱም በአንድ ንጣፍ ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ቀጥሎ የምንገልጸው አሠራር ለሦስቱም ያገለግላል።

3. የት ይወገድ? የት ይተው?

ሽበት ያለበት ድንጋይ ሁሉ መጽዳት የለበትም። መጽዳት ያለበት ሰው ሸክም ይዞ የሚመላለስበት መንገድ፣ ደረጃ፣ የውሃ መቅጃ ዙሪያና ምርት የሚሰጣበት ቦታ ነው። በአጥር ድንጋይ፣ በእርከንና በመቃብር ድንጋይ ላይ ያለው ቢተው ይሻላል። በጥላ ዛፍና በቡና ግንድ ላይ የሚታየው የዛፍ ሽበትም ከግንዱ ምግብ አይመጥም፤ ዛፉን መደገፊያ ብቻ ነው የሚያደርገው። የዛፉ መድከም ምክንያት ሌላ ስለሆነ ሽበቱን መፋቅ አያድነውም።

በቅርስነት የተያዙ ሕንፃዎችና ንጣፎች ደግሞ ከነጭራሹ መነካት የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገቡት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ድንጋዮች የሚጸዱት በቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ብቻ ነው።

4. የአጸዳድ ቅደም ተከተል

ተስማሚው ጊዜ ከመስቀል በዓል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ነው። ሽበቱ በክረምቱ ርሶ የለሰለሰ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው ፀሐይ ደግሞ ንጣፉን ያደርቀዋል፤ ሥራውም የምርት ማስጫ ወቅት ሳይደርስ ይጠናቀቃል።

(1) ንጣፉ ይጠረግ፤ በመጋጠሚያዎቹ ያለው ሣርና ሣረንስት ይነቀል።

(2) ንጣፉ በውሃ ከራሰ በኋላ እርጥብ ጆንያ ይልበስ፤ ለጥቂት ሰዓታትም ይቆይ። ደረቅ ሽበት ከድንጋይ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሳያርሱ መፋቅ ጉልበት ማባከን ነው።

(3) ወፈር ያለው ሽበት በእንጨት መፋቂያ ይነሣ። ከዚያም በጠንካራ የቃጫ ወይም የፕላስቲክ ብሩሽ በአሸዋና በውሃ ይታሽ። የሽቦ ብሩሽ ለስላሳውን ድንጋይ ይቧጭራል፤ የተቧጨረው ቦታ ውሃ ይይዛል፤ የሽቦው ስባሪም ዝጎ ድንጋዩን ያበላሻል።

(4) የተፋቀው ሁሉ ተጠርጎ ይሰብሰብና ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይግባ። ከሽበቱ ስባሪ አዲስ ሽበት ሊያድግ ስለሚችል በንጣፉ ላይ መተው የለበትም።

(5) ንጣፉ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። በመጋጠሚያዎቹ የጎደለው አሸዋ ይሞላ።

የአንዳንዱ ሽበት ክር በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ ከታሸ በኋላም እድፉ ሊቀር ይችላል። እድፉን ለማስለቀቅ ሲባል ድንጋዩን መፈልፈል አይገባም። የምንፈልገው ሰው የማይጥል ንጣፍ እንጂ አዲስ የሚመስል ንጣፍ አይደለም።

5. መደረግ የሌለባቸው

የአረም መድኃኒት፦ ቱፎርዲም ሆነ ግላይፎሴት በቅጠል ገብተው በተክሉ አካል ውስጥ እየተዘዋወሩ አረምን የሚገድሉ ናቸው፤ ሽበት ቅጠልም ሥርም የለውም። ከድንጋይ ላይ የታጠበው መድኃኒት ግን ወደ ጓሮ አትክልቱና ወደ ወራጁ ውሃ ይሄዳል።

አሲድ፦ የኖራ ድንጋይንና ሲሚንቶን ይበላል። የድንጋዩን ዓይነት ለማወቅ ጥግ ላይ በሚስማር ጥቂት ፍቆ በዱቄቱ ላይ ሎሚ መጭመቅ ይበቃል፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ባዛልት አረፋ ባያወጣም የባትሪ አሲድ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጨውና እሳት፦ ጨው በድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ፊቱን ይልጠዋል፤ አፈሩንም ያበላሻል። በንጣፍ ላይ ጭድ ማንደድ ድንጋዩን ይሰነጥቃል።

6. በረኪና የሚፈቀደው መቼ ነው?

ብሩሽ ያልበገረው ደረጃ ወይም መተላለፊያ ካለ ብቻ 1 ሊትር የቤት በረኪና በ10 ሊትር ውሃ በጥብጦ በንጣፉ ላይ መቀባት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ መፈግፈግና በብዙ ውሃ ማጠብ ይቻላል። ሠራተኛው የላስቲክ ጓንትና ቦት ጫማ ያድርግ፤ ሕፃናትና እንስሳት ይራቁ። በረኪናን ከአሲድ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያስነሣል።

በምንጭና በውሃ መቅጃ ዙሪያ፣ በንብ ቀፎ አጠገብ፣ እጥበቱ ወደ አትክልት በሚወርድበት ቦታ፣ እንዲሁም እህልና ቡና በሚሰጣበት ንጣፍ ላይ በረኪና ፈጽሞ አይግባ። በተለይ ቡና የአካባቢውን ሽታ ቶሎ ስለሚስብ የዓመት ልፋት በአንድ ባልዲ በረኪና ዋጋው ሊወድቅ ይችላል።

7. እንዳይመለስ ምን ይደረግ?

ሽበትም ሆነ ዋቅላሚ የሚወደው ሳይደርቅ የሚቆይ ድንጋይ ነው። ስለዚህ፦

- አዲስ ንጣፍ ሲሠራ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ፤ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ንጣፍ ከላይ እስከ ታች 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይኖረዋል።
- በነባሩ ንጣፍ ላይ ውሃ ይፍሰስና ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃ ቋጥሮ የቀረበት ቦታ ምልክት ይደረግበት። ድንጋዩ ተነሥቶ ከሥሩ አሸዋ ተጨምሮ ይስተካከል።
- የጣሪያ ውሃ በአሽንዳ ተይዞ ወደ ቦይ ይውረድ እንጂ በንጣፉ ላይ አይንጠባጠብ።
- በንጣፉ ላይ ያዘመመ ቅርንጫፍ ይከርከም፤ ዛፉን መቁረጥ ግን አያስፈልግም።
- የማዳበሪያ ብናኝና የዶሮ ኩስ ወዲያው ይጠረግ፤ ለአዝመራ የሚስማማው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለዋቅላሚና ለአንዳንዱ ሽበትም ይስማማዋል።
- በክረምት በየሳምንቱ በጠንካራ መጥረጊያ ይጠረግ። ገና ሥፍራ ያልያዘ ሽበት በመጥረጊያ ብቻ ይነሣል።

ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ይህን ሁሉ በስብሰባ ከማስረዳት ይልቅ በማኅበሩ ግቢ 1 ካሬ ሜትር ንጣፍ መርጦ ከአባላት ጋር ቢያጸዳ የበለጠ ይረዱታል። በዚያው ቀን ለቀሪው ንጣፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ይገመታል፤ ውሃ የሚቋጥርባቸው ቦታዎች ይመዘገባሉ፤ በየሳምንቱ የሚጠርግ ተረኛም ይመደባል። ሥራው ከውሃ መቅጃውና ከመጋዘኑ ደረጃ ይጀመር፤ ሸክም ያለበት እግር በብዛት የሚረግጠው እነዚህን ነውና።