ተጨማሪ መረጃ፦ የፈሰሰ ነዳጅ በአፈር ውስጥ መብላላቱ እንዴት ይለካል?

ዴይራንና ቡር ዱባይን በሚለየው ዱባይ ክሪክ በናፍጣ የሚሠሩ የዕቃ ጀልባዎች ይመላለሳሉ፤ የክሪኩ ጫፍ ደግሞ ፍላሚንጎዎች የሚመገቡበት የራስ አል ኾር ጥብቅ ስፍራ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚፈስ ነዳጅ በቸልታ አይታይም። በጥር 1998 እ.ኤ.አ. ፖንቱን 300 የተባለች የነዳጅ ጀልባ ከሻርጃ ወዲያ ባሕር ላይ ሰጥማ፣ ከባድ ነዳጇ የአጅማንንና የኡም አል ቁዌይንን ዳርቻ በክሎ ነበር።

እንዲህ የፈሰሰ ነዳጅ ወደ ዳርቻው አፈር ሲገባ፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካገኙ ነዳጁን ተመግበው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለውጡታል። ሆኖም የነዳጁ መጠን መቀነሱ ብቻውን መብላላቱን አያረጋግጥም፤ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ በውኃ ይታጠባል። ስለዚህ ኬሚስቶች በጋዝ ክሮማቶግራፊ ሁለት ነገር ይለካሉ፦ ጠቅላላውን ነዳጅና በከባድ ነዳጅ ውስጥ የሚገኘውን ሆፔን የተባለ ውህድ። ሆፔንን ባክቴሪያዎች በቀላሉ ስለማይሰብሩት፣ እንደ ማመሳከሪያ ያገለግላል።

ምሳሌ፦ በመጀመሪያው ናሙና በአንድ ኪሎ ግራም አፈር 10,000 ሚሊ ግራም ነዳጅና 10 ሚሊ ግራም ሆፔን ነበር እንበል፤ ንጥጥሩ 1,000 ነው። ከወራት በኋላ ነዳጁ 4,000፣ ሆፔኑ 8 ሆነ፤ ንጥጥሩ 500 ነው። ነዳጁ በ60 በመቶ ቢቀንስም፣ ከሆፔኑ አንጻር ሲሰላ የቀነሰው 50 በመቶ ነው። ልዩነቱ የመጣው ነዳጅና ሆፔን አብረው ከአፈሩ በመታጠባቸው ነው።

የመለማመጃ ጥያቄ፦ ነዳጁም ሆፔኑም እኩል በግማሽ ቢቀንሱ፣ ባክቴሪያዎቹ ነዳጁን አብላልተውታል ማለት ይቻላል? ምክንያትህን/ሽን አስረዳ/ጂ።