ዳቦን የሚተካው ዳቦ ከምን ተሠራ?

ሐኪም «ዳቦ ቀንስ» ወይም «ዳቦ ተው» ሲል ምክንያቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው የሚከለከለው ግሉተንን ነው፤ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለውን ፕሮቲን። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የሚጠብቀው የካርቦሃይድሬቱን መጠን ነው። በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ለእያንዳንዳቸው የሚሆኑት ዳቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚገኙ ብዙ ሰው «የጤና ዳቦ» ብሎ አንዱን አንስቶ ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

«ኬቶ» ወይም «ካርቦሃይድሬቱ የተቀነሰ» ከሚሉት ዳቦዎች ብዙዎቹ የሚጋገሩት ከስንዴ ዱቄት ተለይቶ በወጣ ግሉተን ነው። ስታርቹ ታጥቦ ይወጣል፣ ፕሮቲኑ ይቀራል፣ ፋይበር ይታከልበታል። ለስኳር ሕመምተኛ ሊስማማ ይችላል፤ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግን ከተራው ዳቦም የከፋ ነው። «ከግሉተን ነጻ» የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከነጭ ሩዝ ዱቄት፣ ከድንችና ከካሳቫ ስታርች ስለሚሠራ ስኳርን ቶሎ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ከሁለቱ የትኛውንም ሲሞክር ከመብላቱ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩን ለክቶ ቢያይ ከማሸጊያው ጽሑፍ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ከግሉተን ነጻ ዳቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው ቅር ቢለው አይገርምም። ሊጡን የሚያያይዘውና እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ የሚይዘው ግሉተን ነው። እሱ ሲጎድል ዳቦው ይፈረፈራል። ፋብሪካዎች በምትኩ የእንቁላል ነጭ፣ ዛንታን ጋም ወይም ውሃ ሲነካው የሚያሟልጭ የፕሲሊየም ገለባ ይጨምራሉ። ስታርች የበዛበት ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ቶሎ ይደርቃል። የሚሻለው ቆራርጦ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥና ሲበላ መጥበስ ነው፤ ሙቀቱ የደረቀውን ስታርች መልሶ ያለሰልሰዋል። እንደቀዘቀዘ ቀምሶ «አይበላም» ብሎ መጣል ለዳቦው ፍርደ ገምድልነት ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግን ሌላው ቤተሰብ የስንዴ ዳቦ በሚጠብስበት ቶስተር መጠቀም የለበትም፤ ፍርፋሪው ይበቃል።

በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ደንብ «ከግሉተን ነጻ» የተባለ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን እንዲኖረው ያዛል። «ስንዴ የለበትም» የሚለው ግን ይህን ያህል አያስተማምንም፤ ገብስ ወይም የገብስ ብቅል ሊኖርበት ይችላል።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የቀረበው ምትክ እንጀራ ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውምና። ነገር ግን በውጭ አገር መደብሮች ከሚሸጠው እንጀራ ብዙው ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ጥቁር መሆኑም ንጹሕ ጤፍ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ፌስታሉ ላይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። እቤታቸው ጋግረው ከሚሸጡ እናቶች የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ስለሌለው መጠየቅ ግድ ነው። «ጤፍ ነው?» ማለት ብቻውን አይበቃም። እርሾው ከየትኛው ሊጥ የተቀመጠ ነው? በዚያው ምጣድ ድብልቁም ይጋገራል? ለሴሊያክ ሕመምተኛ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የዱቄቱን ያህል ክብደት አላቸው።

ሆዱን ስለነፋው ብቻ ሴሊያክ አለብኝ ብሎ የጠረጠረ ሰው ወደ ምትክ ዳቦ ከመዞሩ በፊት ይመርመር። ግሉተን ካቆሙ በኋላ የሚደረግ የደምም ሆነ የአንጀት ናሙና ምርመራ ሕመሙ እያለ «የለም» ሊል ይችላል።